ከመቶ ሺህ አንዷ

ጋሽ ሜትሩ በዕድሜው ይህ ነው የሚባል ሎተሪ ደርሶት አያውቅም። በሠላሳ ዓመት የገዛቸው ትኬቶች ቢገጣጠሙ ለአንድ ወፍራም ሰው ኮት ይወጣቸዋል፤ የደረሰው ግን አንዴ ብቻ፣ ያውም የትኬቷን ዋጋ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ልጁን መርምሮ ሲያበቃ፣ "ይህ በሽታ የሚይዘው ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ነው" ሲለው፣ መጀመሪያ የመጣበት ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር። ለካ ዕድል አድራሻቸውን ታውቀዋለች! ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን አግዷት ነው?

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ያየው ሰው ስለሌለ ግን ሰፈሩ እንዲያ ይለዋል። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፣ ሚጡ፣ አሥር ዓመቷ። ባለፈው ዓመት በመጀመሪያ የቤታቸውን ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ቀጥሎ የደብተር ቦርሳዋን መሸከም፣ ቀጥሎ ማንኪያ ማንሳት። አንዱ ሐኪም የቫይታሚን እጥረት ነው አለ። ሌላው ስንፍና ነው አለ። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ጠልታ ነው ብሎ፣ ለዚህ ጥበቡ ከሁለቱም አስበልጦ አስከፈለ።

በሽታውን ያገኘው አራተኛው ነው። ማግኘቱስ ደግ፤ ደስታው ግን ልክ አጣ። ባልደረቦቹን ጠራ፣ ባልደረቦቹ ተማሪዎቻቸውን ጠሩ፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሚጡን ከቦ "በመጽሐፍ እንጂ በዓይናችን አይተን አናውቅም እኮ!" እያለ ጉልበቷን መታ መታ፣ ክንዷን ሳብ ሳብ አደረገ። ጋሽ ሜትሩ ጥግ ቆሞ፣ ይህን ሁሉ ሰው ያስተማረች ልጅ መቼም በነፃ ትታከማለች ብሎ ሲያስብ ቆየ። ሒሳብ ክፍሉ ጋ ሲደርስ የዚያን ቀን ክፍያ እንደ ወትሮው ከፈለ።

"መድኃኒት አለው?" ብሎ ነበር ከመውጣቱ በፊት።

"አለው" አለ ሐኪሙ።

"እሰይ!"

"እሰይ አይበሉ ጋሼ፤ ዋጋውን ገና አልነገርኩዎትም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ በቀን አንድ ፍሬ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። የሚሠራው ባሕር ማዶ ያለ አንድ ፋብሪካ ነው፤ ገዢው በጣት የሚቆጠር ስለሆነም ፋብሪካው ወጪውንና ትርፉን በእነዚያው ጣቶች ላይ ይጭናል። የአንድ ወር ብልቃጥ ጋሽ ሜትሩ ዓመት ሙሉ አጎንብሶ ሰፍቶ ከሚያገኘው ይበልጣል። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ራሱን እየነቀነቀ፣ "ስኳር ወይ ደም ግፊት ቢሆን ኖሮ እኮ በየጥጉ በርካሽ ይገኝ ነበር" አለው፣ ሚጡ በሽታዋን ከሱቅ መርጣ ያነሳችው ይመስል።

ታላቅ እህቱም ሰማች። ይህቺ ሴት አንድ ነገር ጠዋት ከሰማች ለምሳ ሰፈር ሁሉ ስለሚያውቀው እትዬ አዋጅ ነው የምትባለው። ደረቷን እየመታች፣ "ምነው እንደ ሰው የሰው በሽታ ቢይዛት!" አለች። አነጋገሯ ያስቃል፤ ግን የዚያን ቀን ከተናገሩት ሁሉ የፋብሪካው ነገር የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ መሸጥ ተጀመረ። የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘሚያ ማሽኑ ሄደ፣ ፍሪጁ ሄደ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሶፋው፣ የሚስቱ ቀለበት ተከታትለው ሄዱ። ዘመድም የተቻለውን አዋጣ፤ ያልተቻለውም ምክር አዋጣ። ተሰባስቦ አራት ብልቃጥ ተገዛ። እና ጉድ በል፣ መድኃኒቱ ሠራ! በሁለተኛው ወር ሚጡ ማንኪያዋን በራሷ ያዘች። በሦስተኛው ወር ደረጃውን እየቆጠረች ወጥታ ከላይ ሆና "አባዬ እየኝ!" ብላ ስትጣራ፣ ጋሽ ሜትሩ ደንበኛ ፊት መቀሱን ጥሎ አለቀሰ። ሲመሽ ግን ብልቃጡን አንስቶ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ድምፁ በየቀኑ እየሳሳ ነበር። አራተኛው ሲከፈት የሚሸጥ የቀረው አንዱ የስፌት መኪና ብቻ ነው፤ እሱ ከተሸጠ ደግሞ ምን ተበልቶ ይዋጣል?

ሰው ጠቆመውና አንድ የድጋፍ ፈንድ ወደሚባል ቢሮ ሄደ። ክላሰር የታቀፈች ሴትዮ ቅጽ ሰጠችው። ቅጹ ላይ ሠላሳ በሽታ ተዘርዝሯል፤ የሚጡ የለም።

"የእኛ እዚህ የለም፣ እህቴ።"

"'ሌሎች' የሚለው ላይ ይሙሉት።"

ሞላው። የበሽታው ስም ግን መስመሩን ጨርሶ በጠርዙ ዞሮ ወደ ታች ወረደ።

"ኧረ ያሳጥሩት" አለች።

"እኔ መሰልኩሽ እንዴ ያወጣሁለት?" አለ ጋሽ ሜትሩ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ማክሰኞ ጎብኚ ኮሚቴ ቤታቸው መጥቶ ኑሯቸውን እንደሚያይ፣ ችግረኛ መሆናቸውን ካረጋገጠ መድኃኒቱ በነፃ እንደሚሰጣቸው ነገረችውና ቀጣዩን ጠራች።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ጋሽ ሜትሩ የጋሽ ሜትሩን ሥራ የሠራው። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱን እንዳለ ትቶ ቁጭ ይላል። ቤቱ እኮ ለችግር ማስረጃ ከበቂ በላይ ነበር፤ ሶፋ የነበረበት ቦታ ላይ አራት የእግር ጠባሳ፣ ፍሪጅ የነበረበት ላይ ያልጠቆረ ግድግዳ። ይህ ሰው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉድለት ሲሸፍን የኖረ ሰው ነው። አንድ ትከሻው ለወደቀ ስፖንጅ ያስገባል፣ ሆዱ ለወጣ ፊት ለፊቱን ያሰፋል፣ እግሩ ለወልገደ ሱሪውን ያወርድለታል። ደንበኛ ከሱ ቤት ከእነ ገመናው ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ እንግዳ ሲመጣ የገዛ ቤቱን ገመና ገልጦ ሊቀመጥ?

"ምን ይሉናል?" አለ ለሚስቱ።

"ድሆች ይሉናላ!" አለች ሚስቱ። "እሱን እንዲሉን አይደል እንዴ የሚመጡት?"

"እሱማ ልክ ነሽ። ግን ቢያንስ መቀመጫ..."

"መሬት ይቀመጡ! አይተው ይወቁት!"

"ደግሞ እንግዳ መሬት ይቀመጣል?" ብላ ገባች እትዬ አዋጅ፣ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ። "ወንድሜ ልክ ነው። የታመመ ቤት ንፁህ ሆኖ ሲታይ ሰው ያዝናል፤ ቆሽሾ ሲታይ ይሸሻል።"

ሚስትየው ሁለቱን አየቻቸውና እጇን አራገፈች። ይሉኝታ አንዴ ቤት ከገባ መውጫውን አያውቅም። ሰኞ ከቀትር በኋላ ባንክ ቤት ከምትሠራው ጎረቤት ሶፋ መጣ፤ በሩ ስለጠበበው በሩ ተነቅሎ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ የሱቁን ቴሌቪዥን አዋሰ። ምንጣፍ መጣ፣ መጋረጃ መጣ፣ ቴርሞስ መጣ። ጋሽ ሜትሩ ደግሞ ከየደንበኛው ከተረፈ ቁራጭ ለሚጡ አንድ ቀሚስ ሰፋላት፤ ስፌቱ ከየት እንደተጀመረ እንኳ የማይታወቅ፣ የወገቧ ልክ የወጣ ቀሚስ። አልብሷት ዞር አደረጋት፣ ራቅ ብሎ አያት።

"በይ ነገ እንግዶች ፊት ቀጥ ብለሽ ነው የምትራመጂው፤ መጎተት የለም" አላት።

"እሺ አባዬ።"

ማክሰኞ ኮሚቴው መጣ። ሦስት ናቸው። አንዱ ሰብሳቢው ነው። አንዷ ያቺ ባለ ክላሰሯ ናት። ሦስተኛው ሰውዬ ሥራው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም፤ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሰብሳቢው ሶፋው ላይ አረፍ ሲል ወደ ውስጥ ሰመጠና፣ "ኧረ ይኼ ነገር ይመቻል! የኛ ቤቱ እንኳ እንዲህ አይደለም" አለ። ባለ ክላሰሯ ጻፈች።

ሚጡ የሻይ ትሪውን ይዛ ገባች። ቀጥ ብላ፣ አንገቷን ሰብራ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ ለሁሉም አደለች። አባቷ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

"ጎበዝ ልጅ!" አለ ሰብሳቢው። "ታማሚዋስ የት ናት?"

"ይቺው ናት" አለች እናትየው።

"ይቺ?" ሰብሳቢው ሳቀ። ባለ ክላሰሯም ሳቀች። ሦስተኛው ሰውዬ ስኳር ጨመረ።

"መድኃኒቱን ስለምትወስድ ነው እንጂ ጌታዬ፣ አምና እኮ ማንኪያ..." እያለች ሚስትየው ስትጀምር ሰብሳቢው ቀድሞ ወደ ጋሽ ሜትሩ ዞሯል። አንድ ነገር ሲከነክነው ኖሮ፣ "ይኼ የለበስኩት ኮት ሁልጊዜ በግራ በኩል ይንሸራተትብኛል፣ ምን ይሆን?" አለው። ጋሽ ሜትሩ አላስቻለውም። ሜትሩን ከአንገቱ መዝዞ ሰውየውን አቁሞ ለካው። "የግራ ትከሻዎ ወደቅ ያለ ነው፤ ምንም አይደል፣ እንሸፍንልዎታለን" አለና እዚያው ኮቱን አስወልቆ ስፖንጅ ጨምሮ፣ ተኩሶ አለበሰው። ሒሳብ ሲጠየቅ "እንዴት ተደርጎ! እንግዳ አይደሉ?" አለ። ባለ ክላሰሯ ይህንንም ጻፈች።

ውሳኔው በሳምንቱ ደረሰ። "አመልካቹ የራሱ ሥራና ቋሚ ደንበኛ ያለው፣ ቤቱ በተሟላ የቤት ዕቃ የተደራጀ፣ ታማሚ ናት የተባለችውም በጥሩ ጤንነት ላይ ሆና የተገኘች በመሆኑ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም" ይላል። ሚስትየው ደብዳቤውን ሳትነካ ድስቷን ልትጥድ ሄደች፤ ጮሃ ብትሰድበው በወደደ። ሶፋው እንኳ ከሄደ ሳምንቱ ነበር፤ በሩ ግን አሁንም በቅጡ አልገጠመም።

ጋሽ ሜትሩ ወደ ቢሮው በረረ። ሰብሳቢው ጠረጴዛው ኋላ ሁለት ትከሻው እኩል ሆኖ ተቀምጧል።

"ጌታዬ፣ ሶፋው የኔ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"የጎረቤት።"

"እርስዎ ቤት ምን ይሠራ ነበር?"

"እናንተን ሊያስቀምጥ ነዋ! ቴሌቪዥኑም የፀጉር አስተካካዩ ነው። ቴርሞሱ ሳይቀር የሰው ነው።"

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እንግዲህ ጋሼ፣ ወይ ያለው ሰው ነዎት፣ ወይ ኮሚቴ ያታለሉ ሰው ነዎት። ፈንዱ ሁለቱንም አይረዳም።"

"ይሉኝታ ነው ያሳሳተኝ፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ! የሰው ፊት እሳት ነው፣ ገርፎን ነው።"

ያን ጊዜ ሰውየው ትንሽ አዘነ መሰለ፤ ወይ ኮቱ ትዝ ብሎት ይሆናል። "የሶፋው፣ የቴሌቪዥኑ፣ የምንጣፉ ባለቤቶች ንብረቱ የኛ ነው ብለው ይፈርሙልዎት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ድጋሚ ጉብኝት እናደርጋለን፣ ከዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ" አለው። ጋሽ ሜትሩ እያመሰገነ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ደግሞ ጠራው።

"ስሙኝ፣ የሶፋውስ ይሁን። ልጅቷ ግን ጤነኛ ናት። እኛ የምንረዳው የታመመ ሰው ነው።"

"መድኃኒቱን ስትውጥ ነው ደህና የምትሆነው፣ ጌታዬ። ስታቆም ያማታል።"

"እንግዲያው ሲያማት ነው ማየት ያለብን።"

ጋሽ ሜትሩ ቤቱ ገብቶ ይህን ሁሉ ለሚስቱ አንድም ሳያስቀር ነገራት። የሰብሳቢውን ድምፅ እያስመሰለ፣ እየተሳደበ፣ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ ነው የነገራት። "ሲያማት ነው ማየት ያለብን ይለኛል! ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልጄ ስለዳነች ጥፋተኛ ሆነች!" ሚጡ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ቀና ብላም አላየቻቸው።

ከአራት አምስት ቀን በኋላ ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ አርፋ ወጣች። በማግስቱ ሁለቴ አረፈች። ጋሽ ሜትሩ ደንግጦ ብልቃጡን አየ፤ እናቷ በየጠዋቱ በእጇ ታጎርሳታለች፣ ፍሬው በልኩ ይጎድላል። ታዲያ ምን ነካት? ሰውነቷ መድኃኒቱን ለመደው? ወይስ የመጨረሻው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ጠመኔ ነው? ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ቢነግረው "አንዳንዴ ይሰለቻል ይላሉ" አለው። ይሰለቻል! ልብስ ነው እንዴ? ጉብኝቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። የሐኪም ቀጠሮው ሩቅ ነበር፣ ያለ ቀጠሮ ለመታየትም የሚከፈል አልነበረም። የጋሽ ሜትሩ ልብ እንደዚያ ሰሞን ፈርቶ አያውቅም፤ ሞት ቤቱ ገብቶ ቁጭ ያለ መሰለው።

ድጋሚ ጉብኝቱ ሲደርስ ማንም ዕቃ አላዋሰም፤ ይልቅ እትዬ አዋጅ ያለውን ልታወጣ መጣች። በርጩማዎቹን አወጣች፣ መስታወቱን አወጣች፣ የስፌት መኪናውን ልትሸከም ስትል "እሱማ እንጀራዬ ነው!" ብሎ ወንድሟ ቀማት። ራሷም የተቀደደ ቀሚስ ለብሳ በሩ ጋ ቆማ ኮሚቴው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ማልቀስ ጀመረች።

"ኧረ ሰው የሞተ አስመሰልሽው! ተይ!" አለቻት ሚስትየው።

ሦስቱ ገቡ። መቀመጫ የለም፤ ቆሙ። ሰብሳቢው ባዶውን ክፍል አየ፣ የባለ ሶፋዋን፣ የባለ ቴሌቪዥኑን፣ የባለ ምንጣፉን ፊርማ አየ። "እሺ፣ ይህ ገብቶናል። ልጅቷስ?"

ሚጡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንግዳ ተነስቶ ሰላም ይባላል ተብላ ያደገች ልጅ ናትና ተነሳች። ከአልጋው እስከ ሰብሳቢው አራት እርምጃ ነው። ሁለቱን ሄደች። በሦስተኛው ጉልበቷ ከዳት፣ እንደ ባዶ ቀሚስ ታጥፋ ወለሉ ላይ ወደቀች።

እናቷ ጮኸች። ባለ ክላሰሯ ክላሰሩን ጣለች። ሦስተኛው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ "ወይኔ!" አለ። ጋሽ ሜትሩ ልጁን አቅፎ ሲያነሳት ቅለቷ አስፈራው። ሰብሳቢው ብቻ ነበር የተረጋጋው፤ እንደውም ፊቱ በራ። "አሁን ገና!" አለ፣ "አሁን ገና ታመመች! እንዲህ ግልፅ ሆኖ ሲመጣልን እኮ እኛም አንቸገርም።" እዚያው ግድግዳ አስደግፎ ፈረመ።

ጋሽ ሜትሩ ደስ አለው። ልጁ ክንዱ ላይ ተዝለፍልፋ እያለች ደስ አለው፤ በዚህ ደስታው ደግሞ ራሱን ጠላ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ጋሽ ሜትሩ ሚጡ አልጋ አጠገብ ቆሞ ለሚስቱ ጮክ ብሎ አነበበው። ፈንዱ መድኃኒቱን ለስድስት ወር በነፃ ሊሰጥ ወስኗል። ሚስትየው እልል ልትል እጇን ወደ አፏ ስታመጣ፣ "ቆይ፣ ከታች አለው" አላት። ከታች በትንንሽ ፊደል "በስድስተኛው ወር ኮሚቴው ዳግም ጉብኝት አድርጎ በታማሚዋ ጤና ላይ መሻሻል ካየ ድጋፉ የሚቋረጥ ይሆናል" ይላል።

"መድኃኒት የሚሰጠው እንዲሻላት አይደል እንዴ?" አለች ሚስትየው።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

"ታዲያ ከተሻላት..."

"ከተሻላት ይቆማል። ከቆመ ያማታል። ካማት እንደገና ቅጽ እንሞላለን።"

"አባዬ" አለች ሚጡ ከአልጋው። እጇ እየተንቀጠቀጠ ከትራሷ ልብስ ውስጥ አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች። ያን ቀሚስ ሲሰፋ የተረፈ ቁራጭ ነው። ፈታችው። ዘጠኝ የመድኃኒት ፍሬዎች በተርታ ተቀምጠዋል። "እንግዶቹ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው ጀምሬ፣ እማዬ ስታጎርሰኝ ከምላሴ ሥር እያደረግኩ ነው፤ ከሄዱ ወዲህ ግን እየዋጥኩ ነው። አልጣልኳቸውም፣ አጥቤ አድርቄያቸዋለሁ፤ እንጠቀምባቸዋለን።"

ሚስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ጋሽ ሜትሩ ፍሬዎቹን አንድ ባንድ አያቸው። መድኃኒቱ አልሰለቸም ነበር። ጠመኔም አልነበረም። ልጁ ሰብሳቢው ያለውን ሰምታ፣ ሰው እንዳዘዛት አድርጋ ታመመችላቸው።

"ግን አባዬ፣ ዘጠኝ ቀን በዛ መሰለኝ" አለች ሚጡ፣ ስለ ቤት ሥራዋ እንደምትጠይቅ ሁሉ። "ማንኪያም አቃተኝ እኮ። ለሚቀጥለው ስድስት ቀን ሲቀረው ባቆም አይበቃም?"

ጋሽ ሜትሩ "ሁለተኛ እንዳታደርጊው!" ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱም እንዲል ጠበቀችው። ደብዳቤውን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው። 

"አምስት ይበቃል፣ የኔ እናት" አላት በመጨረሻ፤ ይህን ብሎ ፊቱን ትራሷ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።